ውሃው ጥርት ብሎ ሳለ ዓሦቹ ለምን ሞቱ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ለልጃቸው ብለው ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ከፍታው 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት አኳሪየም አሠሩ። ከቧንቧ ውሃ ሞልተው በማግስቱ 14 ዓሦች ገዝተው ከተቱበት፤ ከፊሎቹ ጉፒ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች፣ ከፊሎቹ ወርቃማ ዓሣ ነበሩ። ውሃው ጥርት ያለ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ግማሾቹ ሞቱ። ሻጩ «ውሃውን በሙሉ ይለውጡ፣ ማጣሪያውንም በቧንቧ አጥርተው ይጠቡት» ብሎ መከራቸው። እንደተባሉት አደረጉ፤ የቀሩትም በሁለት ቀን ውስጥ አለቁ። አሁን የሚጠይቁት ምን እንደተበላሸ፣ እንደገና ቢጀምሩ ከየት እንደሚጀምሩ፣ በአዲስ አበባ አየር ማሞቂያ የግድ መሆን አለመሆኑን፣ ውሃ በፈረቃ እየመጣና መብራት እየጠፋ ይህ ነገር ይቻል እንደሆነ ነው።

እህቴ፣ ይቻላል። በዚሁ ከተማ መሃል፣ በዚሁ ፈረቃና በዚሁ መብራት ዓመታት የኖሩ ዓሦችን በሥራዬ እንከባከባለሁ። ነገር ግን መጀመሪያ የሞቱበትን ምክንያት በደንብ እንረዳው፤ እሱን ካልተረዳን ሁለተኛው ሙከራም እንደ መጀመሪያው ይሆናል።

ዓሦቹን የገደላቸው በዓይን የማይታይ ነገር ነው። ዓሣ ሲተነፍስ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ የተባለ ኬሚካል ያስወጣል። ኩሱና የተረፈው ምግብ ሲበሰብስም አሞኒያ ይሆናል። በወንዝና በሐይቅ ውስጥ ይህ መርዝ በብዙ ውሃ ተበታትኖ ይጠፋል፤ በመቶ ሊትር ውስጥ ግን መሄጃ የለውም፣ ዕለት ከዕለት ይከማቻል። አሞኒያ ቀለምም ደለልም ስለሌለው ውሃው እንደ ጠራ ይቆያል፤ የዓሣው ስንጥብ ግን እየተቃጠለ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ጠዋት ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከውሃው ገጽ ላይ ከፈት ከደን ሲያደርጉ አይተው ከሆነ፣ የተራቡ መስለውዎት ምግብ ጨምረውላቸው ይሆናል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ያ የረሃብ ምልክት አልነበረም፤ መተንፈስ አቅቷቸው ነው።

በቆየ አኳሪየም ውስጥ ይህን መርዝ የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሁለተኛው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ እሱን ዓሣ በመጠኑ ይችለዋል፣ እኛም በየሳምንቱ ጥቂት ውሃ በመለወጥ እንቀንሰዋለን። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በብዛት ውሃው ውስጥ አይደለም። በማጣሪያው ስፖንጅ፣ በጠጠሩና በመስታወቱ ላይ ተጣብቀው ነው የሚራቡት፤ ተራብተው አቅም እስኪያገኙም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። የእርስዎ አኳሪየም የአንድ ቀን ዕድሜ ነበረው።

የሻጩ ምክር ደግሞ በጎ ታስቦ ቢሰጥም የቀረውን ተስፋ አጠፋው። ስፖንጁ በቧንቧ ውሃ ሲታጠብ ገና መራባት የጀመሩትን ባክቴሪያዎች ክሎሪኑ ገደላቸው፤ የአዲሱ ውሃ ክሎሪንም የቆሰለውን ስንጥብ እንደገና አቃጠለው፤ ከቧንቧ የወረደው ቅዝቃዜም ተጨመረበት። እባክዎ ይህን አንድ ነገር ይያዙልኝ፦ ሁሉንም ውሃ በአንድ ጊዜ መለወጥ ለዓሣ ንጽሕና አይደለም፣ አደጋ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛውን ሙከራ ያለ ዓሣ ይጀምሩ። ጠጠሩን ሳሙና ሳይነካው አጥበው ያስገቡ፣ ውሃ ይሙሉ፣ ክሎሪኑን ያስወግዱ፣ ማጣሪያውንና ማሞቂያውን ያስነሱና በሁለት ጣት ቆንጠር የምትደረግ የዓሣ ምግብ በየቀኑ ይጨምሩ። ምግቡ ይበሰብሳል፣ አሞኒያ ይሆናል፣ ባክቴሪያዎቹም እሱን እየበሉ ይራባሉ። ውሃው መሃል ላይ ሊደፈርስ ወይም ወተት መስሎ ሊነጣ ይችላል፤ አይደንግጡ፣ ውሃውንም አይድፉት፣ በራሱ ይጠራል። በፈሳሽ ጠብታ የሚሠራ የአሞኒያ፣ የናይትራይትና የናይትሬት መመርመሪያ ያስፈልግዎታል። እዚህ ካላገኙ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ እሱን ይዞልዎት እንዲመጣ ይጠይቁ፤ ሻንጣ ውስጥ ቦታ የማይፈጅ ትንሽ ሣጥን ናት፣ ከማንኛውም ጌጥ ይልቅ የምትጠቅመውም እሷ ናት። ሁለቱም መርዞች ዜሮ ሆነው ናይትሬት ብቻ ሲታይ አኳሪየሙ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ያኔ ግማሹን ውሃ ለውጠው ዓሣ መግዛት ይችላሉ።

ስድስት ሳምንት ለልጅ ረጅም መሆኑን አውቃለሁ። የሚያሳጥረው አንድ መንገድ አለ። ጤነኛ አኳሪየም ያለው ሰው ፈልገው፣ ሲሠራበት የቆየ ስፖንጅ ወይም የስፖንጅ ቁራጭ ይለምኑ። በእርጥቡ፣ በራሱ በአኳሪየሙ ውሃ ውስጥ አድርገው ቶሎ ወደ ቤት ያምጡትና በማጣሪያዎ ውስጥ ያኑሩት። ይህ ለሊጥ እርሾ እንደመጨመር ነው፤ ከባዶ የሚጀመረውን ሥራ ወደ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊያሳጥረው ይችላል። ዓሦቹ ከሚታመሙበት ቤት ግን በነጻም ቢሰጥዎት አይቀበሉ፤ በሽታውም አብሮ ይመጣል። «በአንድ ቀን ያዘጋጃል» ተብለው በጠርሙስ የሚሸጡትን ባክቴሪያዎች ያለ መመርመሪያ አላምናቸውም። አንዳንዶቹ ይሠራሉ፤ ሙቀት ላይ የቆየ ወይም ቀኑ ያለፈበት ጠርሙስ ግን ምንም ላይኖረው ይችላል፣ በዓይን አይተው ደግሞ አይለዩትም።

አሁን ወደ ማሞቂያው። አዎ፣ የግድ ነው። በቀን ፀሐዩ ቢያቃጥለንም ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው። ጉፒ የደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ምሥራቅ ዓሣ ነው፣ ፕላቲ እና ሞሊ የተባሉት ዓሦች ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ፣ ኒዮን ቴትራ ከአማዞን ተፋሰስ የመጡ ናቸው። የሚስማማቸው ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት፣ በክረምቱም ዝናብ፣ ቤት ውስጥ ያለ ውሃ ከ20 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ዓሣው በአንድ ሌሊት ላይሞት ይችላል፤ ነገር ግን ምግብ አይፈጭለትም፣ በሽታ መቋቋም ያቅተዋል፣ ክንፉን አጥብቆ ወደ ታች ይቀመጣል። ባክቴሪያዎቹም በቅዝቃዜ ይዘገያሉ።

ለእርስዎ 112 ሊትር ገንዳ 150 ዋት ያህል ይበቃል። እኔ አንድ ባለ 150 ከመግዛት ሁለት ባለ 75 ዋት እመርጣለሁ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ዓሦቹን ያቆያል፤ አንዱ አልጠፋ ብሎ ቢቀር ደግሞ ብቻውን ውሃውን በፍጥነት አያፈላውም። ስለ መብራት ክፍያው ሰው ከሚፈራው ያነሰ ነው፤ 150 ዋት የቀኑን ግማሽ ቢሠራ 1.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ክዳን ይሥሩለት፣ ከኋላና ከሥር ነጭ ፎም ያድርጉለት፤ ፍጆታው የበለጠ ይቀንሳል። ቴርሞ ሜትር ለብቻው ይግዙ፣ ማሞቂያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይመኑ። ውሃ በሚለውጡበት ቀን ማሞቂያውን ሩብ ሰዓት ቀደም ብለው ይንቀሉ፤ የሞቀ መስታወት ከውሃ ውጭ ሲቀር ይሰነጠቃል። ገመዶቹም ከሶኬቱ ዝቅ ብለው ታጥፈው ይውረዱ፤ በገመዱ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ወደ ሶኬቱ እንዳይሄድ።

ከፍታችን ሌላም ጣጣ አለው፤ ከውጭ የመጡ መመሪያዎች አያነሱትም። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ በሩብ ገደማ ያነሰ ስለሆነ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ውሃ በሞቀ ቁጥር ደግሞ ኦክስጅኑ ይበልጥ ይቀንሳል። ስለዚህ በሌላ አገር «ይህን ያህል ዓሣ ይችላል» የተባለ ገንዳ እዚህ ያንን ያህል ላይችል ይችላል፤ የውሃው ገጽ ቀንም ሌሊትም መንቀሳቀስ አለበት። ለጀማሪ የምመክረው ማጣሪያ በአየር ፓምፕ የሚሠራውን ተራ የስፖንጅ ማጣሪያ ነው። ርካሽ ነው፣ የሚሰበር ነገር የለውም፣ እያጣራ አየር ያስገባል፣ ትንንሽ የዓሣ ጫጩቶችንም አይውጥም። መልኩ አያምርም፣ ግን ከኋላ ተክል ሲደረግበት አይታይም።

ውሃ በፈረቃ የሚለው ጥያቄዎ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዓሣ ከመግዛትዎ በፊት «በየሳምንቱ የምለውጠው ውሃ ከየት ይመጣል?» ብለው መልሱን ያዘጋጁ። መልሱ ከባድ አይደለም፤ ለእርስዎ ገንዳ በሳምንት አንድ ባለ 25 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ይበቃል። ጠጠሩ የሚይዘው ቦታ ሲቀነስ ሩብ ያህል ይሆናል። ጀሪካኑ ዘይት ወይም ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ይሁን፣ ከዓሣ ሥራ ውጭም አይዋል። ውሃ ሲመጣ የመጀመሪያውን ድፍርስ ለሌላ ሥራ ያውሉትና ሲጠራ ይቅዱ። ክሎሪን ማስወገጃ ጠብታ ካለዎት ወዲያው ይጠቀሙ፤ ከሌለዎት አፉ በሰፊው በተከፈተ ባልዲ ወይም በርሜል ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ያሳድሩት፣ የአየር ፓምፕ ቱቦ ቢገባበት ይፈጥናል። ተከድኖ የቆየ የጣሪያ ሮቶ ውሃ ክሎሪኑ ጠፍቷል ብለው አይመኑ። ከመጨመርዎ በፊት ከማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ እየቀላቀሉ በቴርሞ ሜትር ለክተው ከገንዳው ጋር ያስተካክሉት። የቀዱትን አሮጌ ውሃ አይድፉት፤ በናይትሬት የበለጸገ ስለሆነ በረንዳ ላይ ላሉ አበቦች ከማዳበሪያ አያንስም።

ስፖንጁን የሚያጥቡት በዚህ በወጣው አሮጌ ውሃ ባልዲ ውስጥ ብቻ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ ያድርጉት፤ ቡና የመሰለ ድፍርስ ይወጣል። ነጭ እስኪሆን አይጨምቁት። ቡናማ መልክ እንደያዘ ይመልሱት፤ እንዲቀርልዎት የሚፈልጉት ያንን ነው።

የከተማዋ ውሃ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ እንዲሁም ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው የሚመጣው። በተለምዶ የግድብ ውሃ ለስላሳ (ማዕድን ያነሰበት)፣ የጉድጓዱ ደግሞ ማዕድን የበዛበት ይሆናል። የእርስዎን ለመገመት የውሃ ማፍያዎን ውስጡን ይመልከቱ። ነጭ ቅርፊት ቶሎ ቶሎ የሚይዝ ከሆነ ውሃዎ ማዕድን አለው፤ ለጉፒ፣ ለፕላቲና ለሞሊ ተስማሚ ነው። ምንም የማይይዝ ከሆነ እንደ ኒዮን ያሉ ቴትራዎች ይደሰቱበታል። ውሃውን በኬሚካል ከመለወጥ ለውሃው የሚስማማውን ዓሣ መምረጥ ይቀላል።

መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጎዳው ሙቀቱ ሳይሆን አየሩ ነው። መቶ ሊትር ውሃ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ በፎምና በብርድ ልብስ ጎኑን ከሸፈኑት ለብዙ ሰዓት ይቆያል። ኦክስጅኑ ግን ዓሣ ከበዛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጎድላል። በዩኤስቢ የምትሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ከስልክ ፓወር ባንክ ጋር ብታስቀምጡ ሌሊቱን ታሳልፋለች። እሷም ከሌለች በየግማሽ ሰዓቱ በንጹሕ ጆግ ውሃ እየቀዱ ከከፍታ መልሰው ያፍስሱ። መብራት እስኪመለስ ምግብ አይስጡ፤ ጤነኛ ዓሣ ሁለት ሦስት ቀን ቢጾም ምንም አይሆንም። ቅዝቃዜው ከጸና የሞቀ ውሃ የያዘ የተከደነ የፕላስቲክ ጠርሙስ ገንዳው ላይ ያንሳፍፉ። መብራት መጥቶ ሄዶ የሚያስቸግር ከሆነ ማሞቂያውን በስታቢላይዘር ያሠሩ።

ስለ ቦታው ብዙ አልልም። ሲሞላ ከነመስታወቱና ከነጠጠሩ 150 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን በጠንካራ የብረት ማስቀመጫ ላይ፣ ግድግዳ ተጠግቶ፣ መስኮት ፀሐይ የማይመታው ቦታ ይሁን። ለዚህ መጠን 8 ሚሊ ሜትር መስታወት ያረጋጋል። ማጣበቂያው ሲሊኮን ሻጋታ መከላከያ መድኃኒት የሌለው መሆኑን ከሠራተኛው ያረጋግጡ፤ የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ለዓሣ መርዝ ሊሆን ይችላል። ድንጋይ ሲመርጡ ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ነውና ይተዉት። ከከተማዋ ወንዞች ድንጋይም ተክልም አያምጡ።

ዓሣው ራሱ። ወርቃማ ዓሣን ከጉፒ ጋር አያኑሩ። እሱ ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድ፣ ብዙ ቆሻሻ የሚያወጣ፣ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ሊያድግ የሚችል ዓሣ ነው፤ የእርስዎ አሞኒያ በዚያ ፍጥነት የጨመረበት አንዱ ምክንያትም እሱ ሳይሆን አይቀርም። «መስታወት ያጸዳል» ተብሎ የሚሸጠው ጥቁር ዓሣም አሁን ጣት ቢያክልም ከ30 ሳንቲ ሜትር ሊያልፍ ስለሚችል ይለፉት። በአምስት ወይም በስድስት ወንድ ጉፒዎች ይጀምሩ፤ ወይም ቅዝቃዜ በሚችለው፣ ባለ ሰማያዊ መስመሩ ዜብራ ዳኒዮ። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይተው መመርመሪያው ዜሮ ካሳየ ጥቂት ይጨምሩ። በዚህ ገንዳ ከ20 ትንንሽ ዓሦች በላይ እንዳይሄዱ እመክራለሁ።

ሲገዙ ዓሦቹ ሲበሉ ለማየት ይጠይቁ። ክንፉን አጥፎ ጥግ የያዘ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት አንድ ዓሣ እንኳ ካዩ ከዚያ ገንዳ ምንም አይግዙ። ላስቲኩን በጋዜጣና በፎጣ ጠቅልለው በቀጥታ ወደ ቤት ይሂዱ፤ በተለይ ከመሸ በኋላ ታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም ለዓሣ ክፉ ብርድ ነው። ላስቲኩን እንደታሰረ 15 ደቂቃ ገንዳው ላይ ያንሳፍፉ፤ ከዚያ ፈትተው በየአምስት ደቂቃው የገንዳውን ውሃ በስኒ እየጨመሩ ያላምዱት። ዓሣውን በመረብ ያስገቡ፣ የላስቲኩን ውሃ ይድፉ።

ምግብ በቀን አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለቴ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚያልቀውን ያህል ብቻ። በሳምንት አንድ ቀን ዓሦቹ ይጹሙ። እንግዳ ሲመጣ የዳቦ ፍርፋሪና የእንጀራ ቁራሽ መወርወር ይወዳል፤ በትሕትና ይከልክሉ። ለልጅዎ ደግሞ የዕለቱን መጠን በትንሽ ክዳን ለክተው ይስጡት፤ የምግቡ ቆርቆሮ ግን ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ።

ነጭ ነጠብጣብ፣ ልክ ጨው የተነሰነሰ የሚመስለው፣ ለጀማሪ ቀድሞ የሚያጋጥመው በሽታ ነው። ተውሳክ ነው። ነጠብጣቡ ቢጠፋም ተውሳኩ ጠጠር ውስጥ ይራባልና ሕክምናውን አያቋርጡ። ሙቀቱን በቀን አንድ ሁለት ዲግሪ እየጨመሩ ወደ 29 ያድርሱ፣ መድኃኒቱንም በመመሪያው መሠረት ይስጡ። በሕክምናው ጊዜ ግን የአየሩን ፓምፕ እጥፍ ያድርጉ፤ ቀደም ብዬ ያልኩት የከፍታችን ጉዳይ እዚህ ላይ ነው የሚከብደው፤ የሞቀ ውሃ ኦክስጅን ያንሰዋል።

ሴት ጉፒ ከገዙ፣ አንድም ወንድ ባይኖር፣ ከሱቅ አርግዛ ስለምትመጣና ዘር በሆዷ ስለምታቆይ በየአራት ሳምንቱ ገደማ ልትወልድ ትችላለች። ጫጩቶቹ ሲበዙ ለሚፈልግ ሰው ይስጡ ወይም ለሻጭ ይመልሱ። ወደ ወንዝ ወይም ቢሾፍቱ ሲሄዱ ሐይቅ ውስጥ በምንም ምክንያት አይልቀቁ፤ ከሩቅ የመጣ ዓሣና ይዞት የመጣው በሽታ የአገሩን ዓሣ ሊያጠፋ ይችላል።